በውርጭ ማለዳ በዲንሾ ጥድ ሥር

ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጓዝ ሰው ልቡ ብዙውን ጊዜ ሰነቴ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮን ለማየት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ከጅብራው አጠገብ ፎቶ ለመነሣት፣ ከዚያም በሐረና ደን በኩል ቁልቁል ለመውረድ ያስባል። ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። ክፍያ ይከፈልባታል፣ አስጎብኚ ይያዝባታል፣ ደጋ አጋዘን ይታይባታል፣ ከዚያ ይታለፋል። እኔ በታኅሣሥ ብርድ ካሜራዬን ይዤ የሄድኩት ግን ጽሕፈት ቤቱን ከብቦ ለቆመው የጥድና የኮሶ ደን ስል ነው። እዚያ ደን ሥር፣ ጥላ ለጥላ፣ መሬት ለመሬት እየሄደች የምትኖር አንዲት ዓይን አፋር ወፍ አለች።

አስጎብኚዎቹ በእንግሊዝኛ ስሟ አቢሲኒያን ግራውንድ ትረሽ ይሏታል። ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ራሷና ደረቷ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ነው። ክንፏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች በሁለት መስመር ተደርድረዋል፤ ዓይኗን ደግሞ ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ከብቦታል። እንዲህ ሲነገር ከሩቅ የምትለይ ትመስላለች። ነገር ግን የደኑ ወለል ራሱ በእነዚህ ቀለማት የተሞላ ነው። የደረቀው የኮሶ ቅጠል ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ በቅርንጫፎች መካከል ሾልኮ የሚወድቀው ብርሃን መሬቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይሠራል። ወፊቱ ቀጥ ብላ ስትቆም አጠገቧ ያለ ሰው እንኳ ላያያት ይችላል።

የኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በምሥራቅ ኮንጎ ተራራማ ደኖችም ትኖራለች። ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ በሚገኝባት አገር ብርቅ ወፍ ለሚሻ ሰው ሌላ ብዙ አለለት። እሷን የመረጥኩት ኑሮዋ በሙሉ ማንም በማይመለከተው በዚያ ወለል ላይ ስለሆነ ነው። ስለ ደን ስናወራ ዓይናችን ወደ ላይ ነው፤ የዛፉን ቁመት፣ የግንዱን ውፍረት፣ ስንት ችግኝ እንደተተከለ እናወራለን። የረገፈው ቅጠል፣ ብስባሹ፣ ሳማው፣ ቀጋው፣ ጉልበት የማይደርሰው ቁጥቋጦ ግን ከቁጥር አይገባም። የእሷ ቤት ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ የሚያልፈው መንገድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በታኅሣሥ የአርሲ ማሳ ገሚሱ ታጭዷል። ኮምባይነሮች ስንዴው ውስጥ አቧራ እያስነሡ ይመላለሳሉ፤ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ሰዎች ተሰልፈው ገብስ በማጭድ ያጭዳሉ። ከአሳሳ፣ ከዶዶላና ከአዳባ በኋላ አገሩ እየተከፈተ፣ ነፋሱ እየተሳለ ይሄዳል። ብርድ ልብስ የደረቡ ፈረሰኞች ከመኪናው ጎን ይጋልባሉ። ዲንሾ ሊደረስ ሲል በመንገዱ ዳር ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ይመጣል፤ እዚያ ደጋ አጋዘኖች ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቁ ሣር ሲግጡ ይታያሉ። ይህ እንስሳ ለሳይንስ የታወቀው በ1910 ነው፤ መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ፓርኩ በ1970 ሲከለል አንዱ ዋና ምክንያት እሱና ቀይ ቀበሮው ነበሩ። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ2023 ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የታኅሣሥ ሰማይ ደመና ስለሌለው መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ሁሉንም ይለቀዋል። ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ይገኛል፣ በደጅ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ብርዱ ለሰው ይከብዳል፤ ለሚያየውና ለሚሰማው ግን ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። በዝናቡ ወራት ቁጥቋጦው ይጠቀጠቃል፣ ጭጋጉ ግንዱን ሁሉ ይሸፍናል፣ እርጥብ ቅጠል ድምፅ የለውም። በበጋው ብርድ ግን ቅጠሉ ደርቋል። መሬት ላይ የምትመገብ ወፍ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች።

አብረውኝ የነበሩት አስጎብኚ ቀደም ሲል የፓርኩ ስካውት ሆነው ያገለገሉ፣ የዲንሾ ተወላጅ ሰው ናቸው። ደኑን የሚያውቁት በጥበቃ ሌሊቶች እየተዘዋወሩበት ነው። ገና ሳይነጋ መጥተው ካሜራዬን ሳይሆን ጫማዬን ተመለከቱ። "ልጄ፣ ካልሲ ሁለት አርጊ" አሉኝ። "ከተቀመጥን በኋላ መነሣት የለም።"

"እሺ ጋሼ" አልኳቸውና ደረብኩ።

በር ላይ ባትሪዎቹን አውጥቼ የውስጥ ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይዳከማል፤ ገላ ላይ ሲሞቅ ግን ጉልበቱ ይመለሳል። ካሜራውን ሌሊቱን ከሙቅ ክፍል አርቄ ነበር ያሳደርኩት፤ በብርድ የቆየ ሌንስ ሙቅ ቤት ሲገባ እንፋሎት ያዝላል፣ ያ እርጥበት ደግሞ ወደ ውስጥ ከዘለቀ መጥፎ ነው። ለውርጭ ወራት ፎቶ አንሺ ከሁሉም የሚጠቅሙት እነዚህ ሁለት ጥንቃቄዎች ናቸው።

ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው ደን ትልቅ አይደለም። በአጥር የተከለለ ኮረብታ ነው። ከብት ስለማይገባበት የጥዱና የኮሶው ሥር አይነካም፤ አሜጃው፣ ቀጋው፣ ሳማው እርስ በርሱ ተያይዟል። የምኒልክ ድኩላ በቁጥቋጦው መካከል ቆሞ ያያችኋል። ከርከሮዎች ተንበርክከው አፈር ይቆፍራሉ። ጋሼ ከአንድ ወፍራም ጥድ ሥር አስቀመጡኝ። ግንዱን እንድደገፍ አደረጉኝ፤ ቅርጼ ከግንዱ ጋር ካልተዋሐደ ወፊቱ እንደማትወጣ ያውቃሉ። ከፊት ለፊታችን ከርከሮዎቹ በቅርቡ የገለበጡት እርጥብ አፈር ነበር። ሌላው መሬት በውርጭ ሲደርቅ ትልና ነፍሳት ለስላሳው አፈር ውስጥ ይገኛሉ፤ ወፊቱም ወደዚያው ትመጣለች አሉ።

ፀሐይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብትወጣም ደኑ ሥር ለመግባት ጊዜ ይወስድባታል። በዚያ ግራጫ ብርሃን ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ሌላ ወፍ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ በየጓሮው የሚዘለው፣ ምንቃሩ ብርቱካናማ የሆነ ተራ ዘመዷ። ሣሩ ላይ በግልጽ ይሮጣል፣ ሰው አይፈራም። ብዙ ጎብኚ እሱን አንሥቶ እሷን ያነሣ መስሎት ይመለሳል። መለያው ዓይን ነው፤ እሱ ያ ሙሉ ነጭ ቀለበት የለውም፣ ክንፉም ላይ ነጠብጣብ አይታይም።

ከላያችን፣ ኮሶው ላይ፣ ትንንሽ ወፎች መንጋ ሆነው ያልፉ ነበር። በዚያ ሰሞን ደኑ እንግዶችም አሉት። ወንዱ ራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስለው ብላክካፕ በአውሮፓ ብርድ ሲጸና ወደ እኛ ደጋ ከሚወርዱት አንዱ ነው። የዲንሾ ውርጭ ለተቀመጠበት ሰው ከባድ ነው፤ ለብላክካፑ ግን ዲንሾ ከበረዶ ያመለጠበት ሞቃት አገር ነው። ይህን ሳስብ ብርዱ በመጠኑ ቀለለኝ።

ከዚያ የቅጠል ድምፅ መጣ። ነፋስ ቅጠልን አንድ ላይ ያንሿሿዋል፤ ይህ ግን ቆራጥ፣ አጭር፣ አንድ ቅጠል ብቻ የተነሣበት ድምፅ ነው። ጋሼ ጣታቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላየሁም። ከዚያ በሳማው ሥር አንድ ነጭ ቀለበት ታየ፣ በቀለበቱ ውስጥ ጥቁር ዓይን።

ወፊቱ አንድ ሁለት እርምጃ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ታዳምጣለች። ቅጠሉን በምንቃሯ ጫፍ ይዛ ወደ ጎን ትወረውረዋለች፣ ሥሩን ታያለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሰፌድ ላይ ምስር እንደምትለቅም ሴት አንዱንም አታልፈውም። ከተመለከትኩት ሁሉ የደነቀኝ ይህ ሥርዓቷ ነው። ምንም ነገር በችኮላ አላደረገችም። ፀሐይ የነካው ቦታ ላይ ስትደርስ ዞረች፤ ጥላው ወደሄደበት ሄደች።

ለካሜራ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ እሷ ከብርሃን ትሸሻለች፣ ካሜራ ያለ ብርሃን አይሠራም። ሹተሩን ወደ 1/125 አወረድኩት፣ አይኤስኦውን ወደ 6,400 ከፍ አደረግኩት። በዚህ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ራስ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ መጫን ያለበት ቀጥ ባለችበት፣ በምታዳምጥበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሌንሱን ባቄላ በሞላሁት ከረጢት ላይ መሬት አስነክቼ አሳርፌው ነበር። ትራይፖድ እዚህ ቦታ ከፍ ይላል፤ ወፊቱ ካለችበት ከፍታ ያልተነሣ ፎቶ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚያያት የሰው ዓይን ፎቶ ይሆናል። አውቶማቲኩ ትኩረት ከፊቷ ያለውን ጭራሮ ስለሚይዝ በእጄ አስተካከልኩት። የሹተሩን ድምፅ አጠፋሁ። ፍላሽ አልያዝኩም፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ለሚሠራ ትልቅ ዓይን ያ ብልጭታ ምን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ወፏን ለማውጣት ሌላ መንገድ አላቸው። ድምፅዋን በስልክ ያጫውታሉ። ጋሼ ይህን ሲያነሡ ፊታቸው ተለወጠ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያመጧቸው ጎብኚዎች በትንሽ ስፒከር ዜማዋን ደጋግመው አጫወቱ፤ ወፊቱ ወጣች፣ ግዛቷ የተወረረ መስሏት ድምፁን ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ሮጠች፣ ሰዎቹ የሚፈልጉትን አነሡ። "ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ አንድም ጊዜ ምንቃሯን መሬት አላስነካችም" አሉኝ።

በዚህ ላይ ለማመንታት ምክንያት አይታየኝም። ትንሽ ወፍ ቀን በልታ ያጠራቀመችውን ስብ ሌሊት ለሙቀቷ ታነደዋለች። የውርጭ ሌሊት በነጋ ጊዜ ስንቋ አልቋል፤ የጧቱ የመጀመሪያ ሰዓታት የምግቧ ሰዓታት ናቸው። ፎቶ አንሺ የሚመጣውም በዚያው ሰዓት ነው። በሞቃት ወር ላይ የሚደረግ ማታለል ጥቂት ያደክማት ይሆናል፤ በታኅሣሥ ጧት የሚደረገው ግን ከአፏ ላይ ይነጥቃታል። ትል እያስቀመጡ ማባበልም ቢሆን ከጥላ ወደ ግልጽ ቦታ እንድትወጣ ያስለምዳታል፤ በግልጽ ቦታ ደግሞ ጭልፊት አለ። የእሷ ዓይን አፋርነት ሕይወቷን የምትጠብቅበት ነገር ነው፤ ለፎቶ ሲባል ሊሰበር አይገባም።

ከዚህ በመነሣት ስለ ፎቶው ራሱ አንድ አቋም ይዣለሁ። በወፍ ፎቶ ዓለም የሚወደሰው ቅርብ ምስል ነው፤ ወፉ ክፈፉን ሞልቶ፣ እያንዳንዱ ላባ ተቆጥሮ፣ ከበስተጀርባ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ልስልስ ቀለም ቀልጦ። እንዲህ ያለ ፎቶ ለመማሪያ መጽሐፍ ይጠቅማል። ስለ ዲንሾዋ ወፍ ግን ምንም አይነግርም፤ ወፊቱ የምትኖርበትን ነገር ሁሉ አጥፍቶ እሷን ብቻ ያስቀራልና። ከዚያ ጉዞ ካመጣኋቸው ምስሎች የምወደው እሷ በክፈፉ ውስጥ ትንሽ የሆነችበት ነው። የኮሶ ቅጠል በምንቃሯ አንሥታለች። ከላይዋ የሳማ ግንድ፣ ከጎኗ የወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከፊቷ ከርከሮ የገለበጠው ጥቁር አፈር፣ አፈሩ ጫፍ ላይ ገና ያልቀለጠ ውርጭ። ፎቶውን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ደኑን ያያል፣ ቆይቶ እሷን ያገኛታል። እኔም ያየኋት እንደዚያው ነው።

ጀምበሯ ደኑን ስትሞላ ወፊቱ ወደ ጥቅጥቁ ገባች፣ እኛም ተነሣን። ጋሼ ከኮሮጇቸው ጭኮ አወጡ፤ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳሁላቸው። እየበላን ወደ አጥሩ ዳር ሄድን። ከአጥሩ ውጭ ጥዶች አሉ፣ ረጃጅምና ጤነኛ የሚመስሉ። ሥራቸው ግን ባዶ ነው። ከብት ቅጠሉን ረግጦታል፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተቆርጧል። "እዚህ እሷ የለችም" አሉ ጋሼ። ርቀቱ ደንጊያ ቢወረወር የሚደርስ ነው።

ይህን ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በላይ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ቆሟል፤ ሥሩ የሚረግፈውን ቅጠል ግን ሴቶች ጠርገው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ለምጣድ ማገዶ ያወርዱት ኖረዋል። እነዚህን እናቶች መውቀስ አልችልም፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምጋግር ሰው ነኝ። በዲንሾም ከብቱን ወደ ደኑ የሚነዳው ልጅ ሌላ ግጦሽ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ነገሩ በአጥር ብቻ አይፈታም፤ የማገዶ ምትክና የመኖ ምትክ እስካልተገኘ ድረስ አጥሩ የሚያቆየው ያቺን ኮረብታ ብቻ ነው። ነገር ግን ያቺ ኮረብታ አንድ ነገር አስረድታኛለች። የደኑ ሥር ከተተወ ይመለሳል፣ ወፊቱም አብራ ትመለሳለች። ጋሼ አጥሩ ተጠናክሮ በተያዘባቸው ዓመታት ሳማው ሲያድግ፣ ቅጠሉ ሲጠራቀም፣ እሷም ቀስ በቀስ በብዛት ስትሰማ ማየታቸውን አጫውተውኛል። በስካውትነት ዘመናቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚኮሩበት ይህ ነው።

ወደ ባሌ የምትሄዱ ከሆነ ለዲንሾ አንድ ማለዳ ስጧት፤ ሰነቴ ከሰዓት በኋላም አለ። የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፣ ክፍያውንም ሳታቅማሙ ክፈሉ። ስፒከራችሁን ቤታችሁ ተዉት። በሰፈራችሁ የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የመቃብር ስፍራ ጥድ ካለ ደግሞ ለበዓል ጽዳት ተብሎ ሥሩ እንዳይመነጠር፣ ቅጠሉም ተጠርጎ እንዳይቃጠል ለአስተዳዳሪዎቹ ንገሩልኝ።